ቅዱሳንን «ለምኑልን» ማለት ይገባልን? መጽሐፍንስ ማን ይተርጉም?

ፍለጋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ይመስላል፤ እኔ ግን ሥሩ አንድ ነው ወደ ማለት አዘነብላለሁ።

እናታችን በጽኑ ታማ በነበረችበት ሰሞን ታላቅ እህቴና ታናሽ ወንድሜ ከአልጋዋ ግራና ቀኝ ቆመው አብረው ይጸልዩ ነበር። እህቴ ታሰማለች፤ ወንድሜ ደግሞ እያንዳንዱን ልመና በ«አሜን» ይከተላል። በመጨረሻ እህቴ «ቅድስት ድንግል ሆይ፥ ከልጅሽ ከወዳጅሽ ለምኝልን» ስትል ወንድሜ ዝም አለ። እናታችን ዓይኗን ገልጣ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው እንጂ አንዳች አልተናገረችም። ዛሬ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ናት፤ ያ አስተያየቷ ግን ከልቤ አልወጣም።

ከክፍሉ እንደ ወጣን ወንድሜ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረበትን 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 አውጥቶ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ መሆኑን አነበበልንና «ይህ ግልጽ ነው፤ ትርጓሜ አያስፈልገውም» አለ። እህቴም «ለአንተ ግልጽ የሆነልህ ያስተማሩህ ሰዎች እንዲህ ብለው ስላስተማሩህ ነው፤ መጽሐፍን ለብቻህ እንድትፈታ ማን ሥልጣን ሰጠህ?» አለችው። እርሱም «ላንቺስ መጽሐፉን አስቀድሞ ዘግቶ ትርጉሙን ብቻ እንዲነግርሽ ለማን ሥልጣን ተሰጠው?» ሲል መለሰላት። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አላለፈም።

እኔ በመካከላቸው ያለሁ ሰው ነኝ። የምጠይቀው ማን እንደሚረታ ለማወቅ አይደለም። ቅዱሳንን ምልጃ መለመን ከአንዱ መካከለኛ ከክርስቶስ ክብር ይቀንሳልን? ይህንንስ የሚወስነው የአንባቢው ኅሊና ነው፥ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው ወይስ ሌላ? በዕውቀት የምትመልሱልኝን አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ዘሥርዐት

ውድ ጠያቂ፥ እናትዎን የማረ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

ነገሩን ከቃሉ ልጀምር። «ወደ ቅዱሳን መጸለይ» የሚለው አነጋገር ራሱ ክርክሩን ያጣምመዋል። እህትዎ ያለችውን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ «ማሪን» አላለችም፥ «ለምኝልን» ነው ያለችው። በአማርኛችን «ለምኝልን» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ትንሿ «ል» የልመናው መድረሻ ሌላ እንደ ሆነ ትናገራለች፤ ቅድስቲቱ የምትለምነው እኛው የምንለምነውን አምላክ ነውና። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በላቲን የምታደርሰው የቅዱሳን መዝሙረ ምልጃም ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል፤ ወደ እግዚአብሔር ሲሆን «ማረን»፥ ወደ ቅዱሳን ሲሆን ግን «ስለ እኛ ለምኑ» ይላል። ስለዚህ ልመናው ከመካከለኛው ጎን ሁለተኛ መካከለኛ የሚያቆም ሳይሆን፥ በመካከለኛው አካል ውስጥ ያሉ ብልቶች አንዱ ስለ ሌላው የሚቆሙበት ነው።

ወንድምዎ ያሰመረበት ቁጥርም ብቻውን የቆመ አይደለም። ከአራት ቁጥር በፊት፥ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ፥ ሐዋርያው «ልመናና ጸሎት ምልጃም ምስጋናም ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረጉ» ይመክራል። የክርስቶስ አንድ መካከለኛነት የሰውን ምልጃ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፥ ጳውሎስ በአንዱ ትንፋሽ ያዘዘውን በሌላው ትንፋሽ በሻረው ነበር። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ ሞት ይህን ምልጃ ያቋርጠዋል ወይ የሚለው ነው። ጌታ ግን ስለ አብርሃም፥ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ሲናገር እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለም ብሏል (ሉቃስ 20፥38)። በራእይ 5፥8 ሽማግሌዎቹ በበጉ ፊት የያዙት ዕጣን የቅዱሳን ጸሎት እንደ ሆነ ተጽፏል። በግሪኩ 2ኛ መቃብያን (በግእዝ ካለው መጽሐፈ መቃብያን የተለየ ነው) ምዕራፍ 15 ደግሞ፥ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡና ስለ ቅድስቲቱ ከተማ አብዝቶ የሚጸልይ ሆኖ ለጦር መሪው ለይሁዳ መቃብያዊ በራእይ ታይቷል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ አልልም፤ የእህትዎ መልስ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጃንደረባው የኢሳይያስን መጽሐፍ በእጁ ይዞ፥ ድምፁን አሰምቶ እያነበበ ነበር፤ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። አርዮስም ቢሆን «አብ ከእኔ ይበልጣልና» የሚለውን ቃል ከወንጌል ጠቅሶ ነው የሳተው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የመለሱለት አዲስ ጥቅስ በመጨመር ሳይሆን፥ ቤተ ክርስቲያን ያንን ጥቅስ እንዴት ስትረዳው እንደ ኖረች በመመስከር ነው፤ «ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ» ያሉበት የግሪክ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በቃሉ የማይገኝ መሆኑንም ያውቁ ነበር። ጴጥሮስ «በመጽሐፍ ያለውን ትንቢት ሁሉ ማንም ለገዛ ራሱ ሊተረጉም አልተፈቀደም» ያለውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

አንባቢ

እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። ዘሥርዐት በ«ለምኝልን» ላይ ያቀረቡት ማስረዳት ተገቢ ስለሆነ እቀበለዋለሁ፤ ከእኛ ወገን ብዙዎች ይህን ልዩነት ሳይሰሙ ይፈርዳሉ። ነገር ግን ክርክሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

ወንድሜን «ጸልይልኝ» ስለው ድምፄን በጆሮው ይሰማል። በሰማይ ያለችን ቅድስት በልቤ «ለምኝልን» ስላት ግን፥ በዚያችው ሰዓት በብዙ አገር በብዙ ቋንቋ ከሚለምኗት ሰዎች ጋር የእኔን ልብ ለይታ ታውቃለች ማለቴ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያስመርቅ ወደ እግዚአብሔር በጸለየው ጸሎት የሰውን ሁሉ ልብ የሚያውቅ እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ተናግሯል (1ኛ ነገሥት 8፥39)። እኔን የሚያስጨንቀኝ «ለምኝልን» የሚለው ቃል ሳይሆን፥ ከቃሉ ሥር ሳይነገር ያለው ይህ ግምት ነው። ደግሞም እስጢፋኖስ በተወገረ ጊዜ ደጋግ ሰዎች ቀበሩት፥ ታላቅ ልቅሶም አለቀሱለት፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ስደት ሁሉ ግን «እስጢፋኖስ ሆይ፥ ለምንልን» ያለ አንድ ሐዋርያ ወይም አንድ ምእመን በሐዋርያት ሥራ ውስጥ አናገኝም። በራእይ 5 ላይ ያለው «ቅዱሳን» የሚለው ቃልም በዚያ መጽሐፍ ምእመናንን ሁሉ የሚያመለክት ስለሆነ፥ ዕጣኑ የእኛው ጸሎት ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ ያቀርቡታል ማለት እኛ ሽማግሌዎቹን እንጥራ ማለት አይሆንም።

የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ተሐድሶ አባቶች በዚህ ጉዳይ የተናገሩት ብዙ ጊዜ ከሚነገርላቸው ይልቅ የተመጠነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ21ኛው አንቀጹ ቅዱሳን እምነታቸውን እንድንመስል ሊታሰቡ ይገባል ይላል፤ የሚክደው መጽሐፍ ቅዱስ እነርሱን እንድንጠራ ወይም ከእነርሱ ርዳታ እንድንሻ አስተምሮናል የሚለውን ነው። የሉተር የሥራ ባልደረባ ሜላንክቶን በ1531 ለዚሁ መግለጫ በጻፈው መከላከያ በሰማይ ያሉ ቅዱሳን በጠቅላላው ስለ ቤተ ክርስቲያን ይጸልያሉ የሚለውን ሳይቀር ይቀበላል፤ «ይጸልያሉና እንጥራቸው» የሚለው መደምደሚያ ግን ትእዛዝም ተስፋም ምሳሌም የለውም ባይ ነው። እኔም የቆምሁት እዚያው ላይ ነው።

ወደ ትርጓሜው ስመጣ፥ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥20ን ዘሥርዐት እንደ ጠቀሱት መጥቀስ ጥንቃቄ ያሻዋል። የአማርኛው ትርጉም ስለ አንባቢው እንዲናገር አድርጎታል፤ የግሪኩ ቃል ግን ትንቢት ከነቢዩ ከራሱ አተረጓጎም የመነጨ አይደለም ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርም «ትንቢት ከቶ በሰው ፈቃድ አልመጣምና» ሲል የሚናገረው ስለ ትንቢቱ አመጣጥ ነው። እንግዲህ «ማንም ለብቻው አይተርጉም» ለማለት የምንጠቅሰው ቁጥር ራሱ፥ አንድ ተርጓሚ ከሁለት ትርጉሞች አንዱን መርጦ የሰጠን ነው።

«መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ማለትም «እኔ ብቻ» ማለት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1646 የተጠናቀቀው የፕሮቴስታንቶች የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በመጽሐፍ ያለው ሁሉ በራሱ እኩል ግልጽ እንዳልሆነ በግልጽ ያምናል፤ የሚለው ለመዳን የሚያስፈልገው ነገር የተማረውም ያልተማረውም በተለመደው መንገድ ተጠቅሞ እስኪረዳው ድረስ በአንዱ ወይም በሌላው ስፍራ ተገልጧል ነው። የተለመደው መንገድ መምህርንም ጉባኤንም ይጨምራል። ነገር ግን የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ራሱን «ነገሩ እንዲሁ ይሆንን» ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን በመመርመራቸው ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። ሐዋርያ የተመረመረበት መመርመሪያ ከሐዋርያ የሚያንስ ማንም ሰው ላይ ሊነሣ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። እኛ ጋ ይህ ትምህርት በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በሥራ አይታይም። በጉባኤዎቻችን አንድ ሰባኪ የተናገረውን ማንም ሳይመረምር «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብለን ስንይዝ አይቻለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ይህ የቤርያ ሰዎች መንገድ አይደለም።

የታሪክ ተማሪ

ሁለቱም መልሶች ከልብ የተጻፉ ናቸው። እኔ የማክለው ታሪክ የሚመሰክረውን ነው፤ ምስክርነቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ምቹ አይደለም።

ልማዱ በመካከለኛው ዘመን የተፈለሰፈ ነው የሚለው አባባል አይጸናም። በሮም ከተማ፥ በአፒያ መንገድ ላይ በቅዱስ ሰባስትያኖስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚገኝ የመታሰቢያ ስፍራ፥ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ምእመናን የግድግዳውን ልስን በሹል ነገር እየጫሩ ጽሑፍ ትተዋል። ከእነርሱ አንዱ «ጳውሎስና ጴጥሮስ ሆይ፥ ስለ ቪክቶር ለምኑ» ይላል። መስመሩ የተጣመመ፥ ፊደሉ የተራ ሰው እጅ ነው፤ ሊቅ ያዘዘው ወይም ጉባኤ የወሰነው አይመስልም። ከግብፅ የተገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመውና ወላዲተ አምላክን መጠጊያ አድርጎ የሚለምነው በግሪክ የተጻፈ ፓፒረስም አለ፤ አንዳንድ ምሁራን የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ሲሉ ሌሎች ከዚያ በኋላ ያውሉታልና ጠበቅ ያለ ድምዳሜ ልሰቅልበት አልፈልግም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ለእኔ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተለያዩት አብያተ ክርስቲያናት በብዙ ነገር እየተወጋገዙ ኖረው፥ ቅዱሳንን «ለምኑልን» በማለት ግን እስከ ዛሬ አንድ ናቸው። ጠላት ከጠላቱ ይህን ያህል የጸሎት ሥርዐት አይዋስም፤ ስለዚህ ልማዱ ከመለያየቱ በፊት ሥር ሰድዶ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ጥንታዊ መሆኑ ከሐዋርያት መምጣቱን አያረጋግጥም። በሰምርኔስ ስለ ሞተው ስለ ጳሊቃርጶስ ሰማዕትነት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው መልእክት ክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅ ስለሆነ እናመልከዋለን፥ ሰማዕታትን ግን የጌታ ደቀ መዛሙርትና እርሱን የሚመስሉ ስለሆኑ እንወድዳቸዋለን ይላል። አጽሙን ከወርቅ አብልጠው ሰበሰቡ፥ የሚታሰብበትንም ቀን ለማክበር ወሰኑ፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከእርሱ ምልጃ ሲለምኑ አናይም። ከፍቅርና ከመታሰቢያ ወደ ልመና የተሻገረው መንገድ በዚያ መቶ ዓመት አካባቢ ያለ ይመስለኛል፤ መሻገሩ ብስለት ነበር ወይስ መሳት የሚለውን ግን የግድግዳ ጽሑፍ ሊፈርድልን አይችልም። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ፥ ክብር ለቅዱሳን የሚለው ልዩነትም እ.ኤ.አ. በ787 በኒቅያ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ በውሳኔ መልክ የተቀመጠው፥ በተግባር መደበላለቁ ሙግት ስላስነሣ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለተሐድሶ መልስ የሰጠችበት የትሬንት ጉባኤም ሁለቱን የጠያቂውን ጥያቄዎች በየጊዜው ነክቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1546 ማንም በገዛ አስተያየቱ ተማምኖ ቤተ ክርስቲያን ከያዘችው ትርጉም ወይም አባቶች በአንድ ቃል ከተስማሙበት ውጭ መጽሐፍን እንዳይተረጉም ከለከለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1563 ደግሞ ቅዱሳንን መማጸን «መልካምና ጠቃሚ» ነው አለ።

ትርጓሜን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1529 በጀርመን ከተማ በማርበርግ የሆነውን ልንገራችሁ። የጀርመኑ ሉተርና የስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስን የበላይ ዳኛ አድርገው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሉተር ክርክሩ ሳይጀመር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ፤ ከዚያም አልነቃነቅም አለ። ዝዊንግሊ «ነው» ማለት እዚህ «ያመለክታል» ማለት ነው ብሎ ተከራከረ። ከአሥራ አምስቱ አንቀጾች በአሥራ አራቱ ተስማምተው፥ በአሥራ አምስተኛው ላይ በዚያች በአንዲት ቃል ምክንያት ሳይስማሙ ተለያዩ። የአንባቢ ወገኖች አሥራ አራቱን ስምምነት፥ የዘሥርዐት ወገኖች አንዷን አለመስማማት ብቻ ይቆጥራሉ። እኔ ሁለቱም ይቆጠሩ እላለሁ። ደግሞም ምእመናን መጽሐፍን እንዲያነብቡ መገፋፋት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጀመረ አይደለም፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ «እኛ መነኮሳት አይደለንም፥ ሚስትና ልጅ አለን» እያሉ ንባብን የሚተዉትን ሰዎች ነቅፎ፥ በዓለም ፈተና መካከል ያለው ሰው ከመነኩሴው ይልቅ መጽሐፍ ያስፈልገዋል ብሏቸዋል።

ዘሥርዐት

አንባቢ ስለ 1ኛ ነገሥት 8፥39 ያነሡት ከባድ ነው፤ ልለፈው ብል ታማኝነት አይሆንም። እኛ ቅዱሳን ልብን በባሕርያቸው ያውቃሉ አንልም፤ እግዚአብሔር ሲገልጥላቸው ያውቃሉ እንላለን። ኤልሳዕ በሥጋ ሳለ የሶርያ ንጉሥ በእልፍኙ ውስጥ የሚናገረውን ያውቅ ነበር (2ኛ ነገሥት 6፥12)፤ ይህ «አንተ ብቻ ታውቃለህ» የሚለውን አላፈረሰም፥ ምክንያቱም ያሳወቀው ያው ብቸኛው ዐዋቂ ነው። በሥጋ ላለ ነቢይ ይህን የሰጠ፥ በፊቱ ለቆመ አብልጦ አይሰጥም ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ከዚሁ ጋር ከእኛ ወገን ያለውን ስሕተትም መናገር አለብኝ። «ጌታ ይቈጣልና እርሱን ከመቅረብ ቅድስቲቱን መቅረብ ይሻላል፤ እርሷ ታዝናለች» የሚል ምእመን ሰምቼ ዐውቃለሁ። ይህ ከአባቶች ትምህርት አይደለም፤ ስለ እኛ የተሰቀለውን ከወለደችው ይልቅ ርኅራኄ የጐደለው ማድረግ ነው። አንባቢ ከእንዲህ ያለው አነጋገር ቢሸሹ አልፈርድባቸውም።

ፍለጋ (ጠያቂ)

መልሶቻችሁን አትሜ ለሁለቱም ሰጠኋቸው፤ ትናንት ማታም ከእናታችን ጋር ተቀምጠን 1ኛ ጢሞቴዎስ 2ን ከቁጥር 1 ጀምረን እስከ 6 ድረስ ድምፃችንን አሰምተን አነበብን። ወንድሜ ያሰመረው ከቁጥር 5 ጀምሮ ስለነበር የመጀመሪያውን ቁጥር ሲያነብብ ቆም አለ፤ «የሰው ምልጃ ሁሉ የተከለከለ ነው ያልሁት ትክክል አልነበረም» አለ። እህቴ ደግሞ የሜላንክቶንን ነገር ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ ወገን ቅዱሳን ይጸልያሉ ብሎ የሚያምን ይኖራል ብላ አስባ እንደማታውቅ ነገረችን። ስለ 2ኛ ጴጥሮስ ግን ተቈጣች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የያዘችው ቁጥር ነውና ሌላ ንባብ አለው መባሉ ከብዷታል።

ከዚያ በኋላ ጸለይን። እህቴ «ለምኝልን» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፇን ዝቅ አደረገች። ወንድሜ «አሜን» አላለም፤ ሆኖም እንደ በፊቱ ወደ በሩ አልዞረም፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ እስክትጨርስ ቆመ። እናታችን በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልገለጠችም።

አሁን ያለንበት ስፍራ የኤልሳዕ ታሪክ ነው። ወንድሜ ምዕራፉን እስከ መጨረሻ አንብቦ «እግዚአብሔር ለኤልሳዕ የገለጠለት የእስራኤልን ንጉሥ እንዲያስጠነቅቅ ነው፤ የለመነውን ሰው ሁሉ ልብ እንዲያውቅ ነው የሚል የት አለ? ደግሞስ እግዚአብሔር ልመናዬን ነግሯት እርሷ መልሳ ለእርሱ የምትነግረው ከሆነ፥ መንገዱ ለምን እንዲህ ዞረ?» ሲል ጠየቀ። እህቴ ወዲያው መልስ አልሰጠችውም። ለመንገዱ መዞር ግን «አንተስ እግዚአብሔር አስቀድሞ የሚያውቀውን ችግርህን ወንድሞችህ እንዲጸልዩልህ ለምን ትነግራቸዋለህ?» አለችው፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ እየፈለገች ነው። ዘሥርዐትም አንባቢም በዚህ ላይ የምትሉት ካለ እንጠብቃለን።